ጥቂቶቹ ሕሙማን፦ በሳንባ ካንሰር ዕጢ ውስጥ የሚገኙ የጂን ለውጦች ታሪክ

መግቢያ

በአማርኛ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ስም ለረጅም ዘመን የቲቢ በሽታ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል። «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ግን ካንሰርንም ስለሚያመለክት፣ በመነሻቸውም ሆነ በሕክምናቸው የማይገናኙ ሁለት በሽታዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ቆይተዋል። አንድ ስም ብዙ በሽታ ሊሸፍን እንደሚችል ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ ችግሩ በአማርኛ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዓለም የሕክምና ቋንቋ «የሳንባ ካንሰር» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ሕመም ራሱ በውስጡ ብዙ የተለያዩ በሽታዎችን ይዞ ተገኝቷል። እነዚህን በሽታዎች እርስ በርስ የሚለያቸው ዋነኛው ነገር በዕጢው ህዋሳት ውስጥ የሚገኘው የጂን፣ ማለትም የዘረ መል፣ ለውጥ ነው።

ይህ ዕውቀት የተገኘበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባዋል። ደንቡን ያስተማሩት ብዙኃኑ ሕሙማን ሲሆኑ፣ በሽታው አንድ አለመሆኑን ያስተማሩት ግን ከደንቡ ውጭ የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው። ሲጋራ በአፋቸው ሳያደርጉ የታመሙ፣ በሌሎች ሕሙማን ላይ ያልሠራ መድኃኒት የሠራላቸው፣ በጥናት ሠንጠረዥ ግርጌ እንደ እንግዳ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእነዚህን ጥቂቶች ፈለግ ተከትሎ ከ1912 እስከ ቅርብ ጊዜ ያለውን ታሪክ በአጭሩ ያቀርባል። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርቅ የነበረው በሽታ

በ1912 በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም አይዛክ አድለር ስለ ሳንባ ካንሰር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሲያወጡ፣ እንዲህ ላለ ብርቅ በሽታ መጽሐፍ መጻፍ ይገባል ወይ የሚለውን ጥያቄ ራሳቸው አንሥተው ነበር። ከልዩ ልዩ አገሮች የሕክምና ጽሑፎች ለቃቅመው ያገኟቸው ሕሙማን ቁጥር 374 ብቻ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን በፋብሪካ የሚመረተው ሲጋራ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የበሽታው ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት አሻቀበ።

በ1933 በሴንት ልዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኤቨርትስ ግራም በካንሰር የተያዘ አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ በማውጣት በሽተኛውን አዳኑ። ሲጋራ የበሽታው መንስኤ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ግን እኚሁ ሐኪም በመጀመሪያ በጥርጣሬ ነበር ያዩት። ኧርነስት ዊንደር የተባሉ የሕክምና ተማሪ ጉዳዩን እንዲያጠኑ ፈቀዱላቸውና ሁለቱ በ684 ሕሙማን ላይ የተመሠረተውን ጥናት በ1950 አሳተሙ። ውጤቱ የማያሻማ ነበር። ግራም ማጨስ ቢያቆሙም ጊዜው አልፎ ነበርና በ1957 በዚያው ባጠኑት በሽታ ሕይወታቸው አለፈ።

በዚያው በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ካጠኗቸው 649 የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ወንዶች መካከል ያላጨሱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጥናቱ በዓለም የታወቀው በዚህ አኃዝ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሠንጠረዥ የሴቶቹ ረድፍ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ከ60 ሴት ሕሙማን 19ኙ አላጨሱም። ቁጥሩ አነስተኛ በመሆኑና የጥናቱ ዓላማም የትምባሆን ጉዳት ማረጋገጥ ስለነበር፣ እነዚያ 19 ሴቶች ለምን እንደታመሙ ያን ጊዜ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ አልነበረም። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና ኃላፊ ባወጡት ዘገባ የሲጋራ ጉዳት በይፋ ተረጋገጠ። ጭሱ በህዋሱ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ገና አልታወቀም ነበር፤ ያላጨሱት ሴቶች ጥያቄም እንደተዘጋ ቆየ።

የአንድ ፊደል ስሕተት

መልሱ መገለጥ የጀመረው ከሳንባ ሐኪሞች ሳይሆን ከእንስሳት ቫይረስ ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። በ1960ዎቹ በአይጦች ላይ ዕጢ የሚያስነሡ፣ በኋላም ራስ የተባሉትን ጂኖች ያስገኙ ሁለት ቫይረሶች ተለይተው ታወቁ። በ1976 ደግሞ ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ጂን በጤነኛው የዶሮ ህዋስ ውስጥ አቻ እንዳለው አሳዩ። ይህ ግኝት በ1989 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ሲሆን፣ ትርጉሙም ከባድ ነበር። የካንሰር ዘር ከውጭ የሚመጣ ባዕድ ብቻ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ጤነኛ ህዋስ ውስጥ በሥራ ላይ ያለ ጂን ሲበላሽ የሚፈጠር ሊሆን እንደሚችል አመለከተ።

በ1982 የሮበርት ዋይንበርግ፣ የማሪያኖ ባርባሲድና የማይክል ዊግለር የምርምር ቡድኖች ከሰው የፊኛ ካንሰር በተወሰዱ ህዋሳት ላይ ይህንኑ አረጋገጡ። ራስ በተባለው ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣ ነበር። በመሆኑም በፕሮቲኑ 12ኛ ስፍራ ላይ ግላይሲን መሆን የነበረበት አሚኖ አሲድ ቫሊን ሆኗል። ሦስት ቢሊዮን በሚያህሉ የዘር ፊደላት መካከል የአንዲቱ መለወጥ የህዋሱን የመባዛት ትእዛዝ ከቁጥጥር ውጭ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። የግዕዝን ፊደል ለሚያነብ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ «ሰበረ» እና «ሰፈረ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው።

በ1984 የባርባሲድ ቡድን ወደ ሳንባ ተሻገረ። ተመራማሪዎቹ በአንድ የሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ዕጢ ውስጥ ኬ-ራስ በተባለው ጂን ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አገኙ። በዚሁ ሰው ጤነኛ የሳንባ ህዋስና በደሙ ነጭ ህዋሳት ውስጥ ግን ለውጡ አልነበረም። ይህ ልዩነት ሊሰመርበት ይገባል። ለውጡ ከወላጅ የተወረሰና ለልጅ የሚተላለፍ ሳይሆን፣ በሰውየው የሕይወት ዘመን በአንድ የሳንባ ህዋስ ላይ የደረሰ ነው። በሕመምተኞችና በቤተሰቦቻቸው ዘንድ «የዘር ለውጥ» ሲባል «በዘር የሚተላለፍ» ተብሎ የሚወሰደው አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1989 ፒ-53 የተባለው የህዋሱ ጠባቂ ጂንም በሳንባ ካንሰር ውስጥ በብዛት ተበላሽቶ እንደሚገኝ ታወቀ። በ1996 ደግሞ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን የተባለ ንጥረ ነገር በዚህ ጂን ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ በሳንባ ዕጢዎች ውስጥ በብዛት ተለውጠው ከሚገኙት ከ157ኛው፣ ከ248ኛውና ከ273ኛው ኮዶን ጋር አንድ ሆነው ተገኙ። ዶልና ሂል በሰዎች ቁጥር ያሳዩት ግንኙነት እነሆ በራሱ በዲ.ኤን.ኤ. ላይ ታተመ። ከዚያም በኋላ የአንድ የሳንባ ካንሰር ህዋስ ዝርያ ሙሉ የዘር ጽሑፍ ተነቦ ውጤቱ በ1910 ሳይሆን ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ሲታተም 22,910 የፊደል ለውጦች ተቆጠሩበት። ተመራማሪዎቹ ባደረጉት ስሌት በአማካይ በየ15 ሲጋራው አንድ ለውጥ እንደሚደርስ ገመቱ።

የግልገል አይጦች ዓይን

ከትምባሆው ታሪክ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። ግራም ባስተማሩበት በዚያው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ስታንሊ ኮኸን የተባሉ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ስለ ነርቭ ዕድገት ያጠኑ ነበር። ከአይጥ የምራቅ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ አዲስ ለተወለዱ ግልገል አይጦች ሲሰጥ፣ ዓይናቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ መከፈት ሲገባው በአንድ ሳምንት ገደማ ይከፈት ነበር። ነገሩ ከተያዘው ጥናት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ኮኸን ግን ችላ አላሉትም። በ1959 ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላ የዚህን ነገር ምንጭ የሆነውን ፕሮቲን ለይተው አወጡ፤ ኤፒደርማል ግሮውዝ ፋክተር ተባለ። በ1986 ኮኸንና ሌቪ-ሞንታልቺኒ የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ይህ የዕድገት መልእክተኛ በህዋሱ ገጽ ላይ የሚቀበለው ፕሮቲን አለው፤ በምሕጻር ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ይባላል። ተቀባዩ የህዋሱ በር ጠባቂ ነው ቢባል ያስኬዳል። መልእክተኛው ሲመጣ በውስጥ በኩል ያለው ክፍሉ ይነቃና «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ህዋሱ እምብርት ያስተላልፋል፤ መልእክተኛው ሲሄድ ዝም ይላል። በ1984 የዚህ ተቀባይ አሠራር በከፊል ሲነበብ፣ በዶሮዎች ላይ የደም ካንሰር ከሚያመጣ የአንድ ቫይረስ ጂን ጋር እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። የቫይረሱ ቅጂ መልእክተኛውን የሚቀበለው የውጭ ክፍል የጎደለው ስለሆነ፣ ማንም ሳይጠራው ዘወትር የሚናገር በር ጠባቂ ነበር። በብዙ የሳንባ ዕጢዎች ላይም ይህ ተቀባይ በዝቶ ስለሚታይ፣ የውስጥ ክፍሉን የሚዘጋ መድኃኒት ካንሰሩን ሊያቆመው ይችላል የሚል ተስፋ አደረ።

ከአሥሩ አንዱ

ከዚህ ተስፋ የተወለደው በአፍ የሚወሰደው ጌፊቲኒብ ነው። መድኃኒቱ ከመደበኛው ኬሞቴራፒ ጋር ተደርቦ በሁለት ታላላቅ ሙከራዎች፣ በእያንዳንዳቸው ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ ተፈተነ። የሕሙማኑን ዕድሜ አላራዘመም። ብቻውን ሲሰጥ ደግሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ዕጢው የሚቀንስላቸው ሕሙማን ከአሥሩ አንድ ያህል ነበሩ። ጃፓን መድኃኒቱን በሐምሌ 2002 ፈቀደች፤ ሆኖም ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ በሚያስከትለው የሳንባ ብግነት ሕሙማን መሞታቸው ተሰማ። አሜሪካ በግንቦት 2003 በቅድመ ሁኔታ ፈቀደች። በ1,692 ሕሙማን ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ በአማካይ የሕይወት ዘመን ላይ አስተማማኝ ለውጥ ባለማሳየቱ ግን በ2005 አጠቃቀሙን ቀድሞ ለተጠቀሙበት ሕሙማን ብቻ ገደበችው። በአማካይ ቁጥር ከታየ መድኃኒቱ ወድቆ ነበር።

ሆኖም አማካዩ የደበቀው ነገር ነበር። መልስ የሰጡት ጥቂቶች መልሳቸው መጠነኛ አልነበረም። በኦክስጅን እርዳታ በአልጋ ላይ የነበሩ ሕሙማን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ተነሥተው የሄዱበት ሁኔታ ነበር። ከዚህም ሌላ እነዚህ ሰዎች በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። ሴቶች፣ ያላጨሱ፣ አደኖካርሲኖማ የተባለው የካንሰር ዓይነት ያለባቸውና የምሥራቅ እስያ ተወላጆች በርከት ብለው ተገኙ። በአንደኛው ሙከራ ዕጢያቸው የቀነሰላቸው ጃፓናውያን 27.5 በመቶ ሲሆኑ ሌሎቹ 10.4 በመቶ ነበሩ። የዶልና የሂል ሠንጠረዥ ያስቀራቸው ያላጨሱ ሴቶች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ ሠንጠረዥ ብቅ አሉ።

የ2004 ግኝት

በቦስተን ሁለት ቡድኖች፣ ማለትም በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቶማስ ሊንችና የዳንኤል ሄበር እንዲሁም በዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም የማቲው ማየርሰን፣ የዊልያም ሴለርስና የፓሲ ያኔ ቡድን፣ ጥያቄውን ገለበጡት። መድኃኒቱ ለምን በብዙዎቹ ላይ እንዳልሠራ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ለምን ሠራ ብለው ጠየቁ። ሊመልሱት የቻሉት ደግሞ የእነዚያ ሕሙማን ዕጢ ናሙና በፓቶሎጂ ክፍል ተጠብቆ ስለቆየ ነው።

ውጤቱ በሚያዝያ 2004 መጨረሻ በአንድነት ይፋ ሆነ። በሊንች ጥናት መድኃኒቱ ከሠራላቸው 9 ሕሙማን በ8ቱ ዕጢ ውስጥ የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ጂን ተለውጦ ተገኘ፤ ካልሠራላቸው 7 ሕሙማን ግን በአንዱም አልተገኘም። በማየርሰን ቡድን ጥናት የጂን ለውጡ ከ58 የጃፓን ዕጢዎች በ15ቱ ሲገኝ፣ ከ61 የአሜሪካ ዕጢዎች የተገኘው በአንዱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ቀደም ሲል የተጠቀሱት ቫርመስ የሚመሩት የኒው ዮርክ ቡድን ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ፤ ለውጡ ባላጨሱ ሰዎች ላይ እንደሚበዛም አሳየ።

ለውጦቹ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጂኑ 19ኛ ኤክሶን ላይ የጥቂት ፊደላት መጥፋት ነው። ሁለተኛው በ21ኛው ኤክሶን ላይ የአንዲት ፊደል መለወጥ ሲሆን፣ በዚህም በ858ኛው ስፍራ ላይ ያለው ሉሲን በአርጂኒን ይተካል። ሁለቱም በር ጠባቂውን ሳይጠራ የሚናገር ያደርጉታል። ዕጢው ሕልውናውን በዚህ በአንድ ትእዛዝ ላይ ስለሚመሠርት፣ ትእዛዙ በመድኃኒት ሲቋረጥ ህዋሱ ይሞታል። የተለመደው ተቀባይ በዝቶ መታየቱ ሳይሆን የጂኑ መለወጥ ዋነኛው ምልክት መሆኑ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ይህ በእርግጥ ትክክል መሆኑ የተፈተነው በ2009 በታተመው፣ በምሥራቅ እስያ በ1,217 ሕሙማን ላይ በተደረገው ሙከራ ነው። የጂኑ ለውጥ ካለባቸው መካከል ጌፊቲኒብ ከወሰዱት 71.2 በመቶ ያህሉ ዕጢያቸው ሲቀንስ፣ ኬሞቴራፒ ከወሰዱት የቀነሰላቸው 47.3 በመቶ ነበሩ። ለውጡ ከሌለባቸው መካከል ግን ጌፊቲኒብ የሠራው በ1.1 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ኬሞቴራፒ በ23.5 በመቶ ሠርቷል። በሙከራው የተካተቱት ሰዎች በአብዛኛው ያላጨሱና አደኖካርሲኖማ ያለባቸው ነበሩ። ስለሆነም ሐኪሙ በሽተኛውን በመልኩ፣ በጾታው ወይም በማጨስ ታሪኩ ብቻ አይቶ መድኃኒቱን ቢሰጥ ሊያድነውም ሊጎዳውም ይችላል። የሚለየው የዕጢው ምርመራ ብቻ ነው። ጌፊቲኒብም በ2015 በአሜሪካ እንደገና ሲፈቀድ የጂኑ ለውጥ ላለባቸው ሕሙማን ብቻ ሆነ።

ዕጢው የሰጠው መልስ

ድሉ ግን ዘላቂ አልነበረም። መድኃኒቱ በሠራላቸው ሕሙማን ላይ በሽታው ብዙውን ጊዜ በዓመት ገደማ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በ2005 ሁለት ቡድኖች ምክንያቱን አገኙ። በዚያው ጂን ላይ ሁለተኛ ለውጥ ተከሥቶ፣ በ790ኛው ስፍራ የነበረው ትሪዮኒን በሜቲዮኒን ተተክቶ ነበር። ይህ ሁለተኛ ለውጥ በሽታው ከተመለሰባቸው ሕሙማን በግማሽ ያህሉ ይገኛል። የመድኃኒት መላመድን ከቲቢ ሕክምና ለሚያውቅ ሐኪም ነገሩ የታወቀ ነው፤ ከብዙ ህዋሳት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ይተርፋሉ፤ የተረፉትም ይባዛሉ።

ይህን ለውጥ ተቋቁሞ የሚሠራው ኦሲመርቲኒብ በኅዳር 2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። በኋላም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰጥ የሕሙማኑ መካከለኛ የሕይወት ዘመን 38.6 ወር ሲሆን፣ ቀደምት መድኃኒቶችን የወሰዱት 31.8 ወር ኖረዋል። ፈውስ አይደለም። ነገር ግን የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን ዕድሜ በወራት በሚቆጠርበት በሽታ ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ትልቅ ነገር ነው።

የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ታሪክ ለሌሎቹም መንገድ ከፈተ። በ2007 የጃፓኑ ሂሮዩኪ ማኖ ቡድን በተለያየ ስፍራ የነበሩ ሁለት የጂን ቁራጮች ተቀጣጥለው ኤ.ኤል.ኬ. የተባለውን ጂን እንዳነቁት አገኘ። ይህ ጥምረት ከተመረመሩት 75 ሕሙማን በ5ቱ ነበረ። ለሌላ ዒላማ ተብሎ የተሠራው ክሪዞቲኒብ ለእነዚህ ጥቂቶች እንደሚሠራ ታውቆ በ2011 ተፈቀደ። ከግኝቱ እስከ መድኃኒቱ አራት ዓመት ብቻ ፈጀ። በሌላ በኩል ከሁሉ ቀድሞ የታወቀው የኬ-ራስ ለውጥ መድኃኒት የማይገባበት ተብሎ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቆየ። በ2013 የኬቫን ሾካት ቡድን በአንደኛው የለውጥ ዓይነት ላይ መድኃኒት የሚያርፍበት ስርጉድ ቦታ አገኘ፤ ሶቶራሲብም በግንቦት 2021 ተፈቀደ። በ1984 ከታተመው ጥናት ሲቆጠር 37 ዓመት መሆኑ ነው።

ያላጨሱት ሰዎች ጥያቄ

ለውጡ እንዴት እንደሚሠራ ቢታወቅም፣ ያላጨሱት ሰዎች ለምን እንደሚታመሙ አሁንም ይጠየቅ ነበር። በ2023 በለንደን የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የቻርልስ ስዋንተን ቡድን ያወጣው ጥናት ያልተጠበቀ መልስ አቀረበ። ከተመረመሩ 295 ጤነኛ የሳንባ ናሙናዎች በ18 በመቶው የኢ.ጂ.ኤፍ.አር.፣ በ53 በመቶው ደግሞ የኬ-ራስ ካንሰር አምጪ ለውጥ በጥቂት ህዋሳት ውስጥ ተገኘ። ይህ ማለት ለውጡ ያለባቸው ህዋሳት በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ተኝተው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ጥናቱ እንደሚያሳየው በከተማ አየር ውስጥ ያለው ረቂቅ ብናኝ የሳንባን መከላከያ ህዋሳት አስቆጥቶ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን የብግነት መልእክት ያስለቅቃል፤ የተኛውንም ህዋስ ይቀሰቅሰዋል። የሲጋራ ጭስ በዋነኛነት ፊደሉን ሲያበላሽ፣ የአየሩ ብናኝ ቀድሞ የተበላሸውን ያነቃል እንደ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው። በአገሪቱ የሚያጨሱ ሰዎች ቁጥር ከብዙ አገሮች ያነሰ ሲሆን፣ በሴቶች ዘንድ ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ግን በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ያበስላል። በምድጃው አጠገብ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፉት ሴቶችና በእናታቸው ጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰል ጭስን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ ሲመድብ፣ የእንጨትና መሰል ማገዶ ጭስን ደግሞ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ በማለት ከዚያ ቀጥሎ ባለው ደረጃ አስቀምጦታል። የለንደኑ ጥናት የተካሄደው በከተማ አየር እንጂ በኩሽና ጭስ ላይ ስላልሆነ፣ ውጤቱን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ጥያቄው ግን መጠየቅ ያለበት ነው፤ ሊመለስ የሚችለውም በዚህ አገር ሕሙማን ናሙና ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው የትምባሆ ጉዳይ ነው። ያላጨሱ ሰዎች የሚታመሙበት መንገድ መታወቁ የሲጋራን ጥፋት በምንም መልኩ አያቃልለውም፤ ብዙኃኑ ሕሙማን የሚመጡት ዛሬም ከዚያ ወገን ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2014 ማጽደቋ፣ በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን መከልከሏ፣ በጂን ላይ ከሚሠራ ከየትኛውም መድኃኒት ይልቅ ብዙ ሕይወት ሊያድን የሚችል እርምጃ ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። ሳል፣ የክብደት መቀነስና ደም የተቀላቀለበት አክታ ይዞ የመጣ በሽተኛ ቲቢ በሚበዛበት አገር አስቀድሞ በቲቢ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አክታው ባክቴሪያ ሳያሳይ፣ የተሰጠው የቲቢ መድኃኒትም ሳያሻለው ወራት ሲያልፉ፣ «አያጨስም» ወይም «ሴት ናት» የሚለው ምክንያት ካንሰርን ከሐሳብ የሚያስወጣ ሊሆን አይገባም። በ1950ው ሠንጠረዥ ውስጥ የነበሩት 19 ሴቶች የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው የናሙና ጉዳይ ነው። የ2004ቱ ግኝት የተገኘው አዲስ መሣሪያ ስለተፈጠረ ብቻ አልነበረም፤ የሕሙማኑ ዕጢ በአግባቡ ተወስዶ፣ በአግባቡ ተጠብቆ፣ ከሕክምና ታሪካቸው ጋር ተያይዞ ስለተቀመጠ ጭምር ነው። የጂን ምርመራው ዛሬ በሁሉም ስፍራ ባይገኝም፣ በፎርማሊን በትክክል ተጠብቆ በፓራፊን የተቀመጠ ቁራሽ ሥጋ ለዓመታት ይቆያል። ምርመራው ሲደርስ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ናሙናው አለ ወይ?» የሚል ነው። የሚጠብቀው ደግሞ የፓቶሎጂ ክፍሉ ባለሙያ፣ መዝገቡን በጥንቃቄ የሚሞላው ሐኪምና መርፌውን ለማስገባት የሚደፍረው እጅ ነው። በአማካይ ቁጥር የወደቀውን መድኃኒት ያስነሡት እንዲህ ባለ ጥንቃቄ የተያዙ የጥቂት ሕሙማን ናሙናዎች ናቸው።